ውለታው ስንት ጊዜ ይከፈላል?

እህቴ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። በዚያ ላይ የዕድር ጸሐፊ፣ የዕቁብ ሰብሳቢና የልጆችሽ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ነሽ። ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖርም መጀመሪያ የሚደወለው ላንቺ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎሻል፤ በትንሽ ትልቁ ትቆጫለሽ። ባለቤትሽ «ለቤትሽ እንግዳ ሆነሻል» ማለቱ ደግሞ አንገብግቦሻል። ሁሉንም ጥዬ አንድ ወር አዲስ አበባ እህቴ ጋ ብሄድስ? እሱንስ እንዴት ላስረዳው? ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ድካምሽ እውነተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣን መዛል ሲገልጽ ሦስት ምልክቶች አስቀምጧል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ሥራን በልብ መራቅና ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። በሽታ ብሎ ግን አልመደበውም። ገለጻው ለመደበኛ ሥራ ነው፤ ያንቺ ጫና አብዛኛው ደሞዝ የለውም። ቢሆንም «ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ደጋግሜ ሰዓቴን አየሁ፣ በራሴ አፈርኩ» ያልሽው ከሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል። ክፋት አይደለም። ሰው ሲዝል ልቡም ይደነዝዛል።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን መሃል ላይ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው አንድ መስመር ያዘኝ። «እናቴ ስታርፍ ዕድሩ ነው የደረሰልኝ።» ወዲያው ወደ ጸሐፊነትሽ ትሄጃለሽ። ዕቁቡም ኮሚቴውም የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። አስገደደኝ ያልሽው ሰው ደግሞ አንድም የለም።

የመሰለኝን ልንገርሽ። አንቺ ውለታ እየከፈልሽ ነው። ድንኳን የተከሉልሽ፣ ወጥ የሠሩልሽ፣ አብረውሽ ያደሩ ሰዎች ፊት ቆሞ «አልችልም» ማለት ክህደት ይመስልሻል። ግን እኮ ዕድር ብድር አይደለም። እናትሽ «ከእኔ በላይ የዕድር ሰው» እንደነበረች ጽፈሻል። ወር በወር መዋጮዋን ከፍላለች፣ የስንቱን ሐዘን ተቀምጣለች። ያን ቀን ተራው የእሷ ነበር፤ ያንቺም ነበር። ዛሬ ያገዘ ነገ ይታገዛል፣ የዕድር ነገር ይኸው ነው። አንቺ ግን መታገዙን ትተሽ ማገዙን ብቻ ያዝሽ። «ለሌላ ብሰጠው ያበላሹታል» ማለትሽም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ቢያበላሹት ምን አለ? እየሠሩ ይማሩታል። ጎረቤቶችሽ አንቺንም ማገዝ ይፈልጉ ይሆናል፤ ዕድሉን ግን አልሰጠሻቸውም።

ትቀየሚኝ ይሆናል እንጂ፣ በዚህ ነገር ለባለቤትሽ አደላለሁ። አንቺ ነቀፌታ ነው የሰማሽው። እኔ ግን የናፈቀ ሰው ቃል ነው የሰማሁት። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ሱቁ ሁሉ ገርበብ ሲል እሱ ቤት ገብቶ ይጠብቅሻል፤ አንቺ በዚያ ሙቀት መዋጮ ትሰበስቢያለሽ። ይህን የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ። ስለዚህ ማስረዳቱ ይቆይ። መጀመሪያ ምን እንደጎደለበት ጠይቂውና ሳታቋርጪ ስሚው።

አዲስ አበባ ብትሄጂ ሰውነትሽ ትንሽ ያርፋል። የውለታው ስሜት ግን አብሮሽ ይጓዛል። ስትመለሺ የቀረብሽን ሁሉ ልትክሺ በእጥፍ እንዳትጀምሪ እሰጋለሁ።

መጀመሪያ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም የሚቀርብሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። እንዲህ ያለ ድካም ከደም ማነስ ወይም ከእንቅርት ዕጢ ችግር ሊመጣ ይችላል፤ ድባቴም ሊሆን ይችላል። ከኃላፊነቶቹ አንዱን ብቻ ምረጪና በሚቀጥለው ስብሰባ አስረክቢ፤ ምናልባት ጸሐፊነቱን። አባልነትሽ ይቆይ። ጥፋተኝነት ይሰማሽ ይሆናል፤ ታገሺው፣ ቶሎ ላይለቅሽ ይችላል። ስለ እናትሽ ደግሞ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ብታወሪ ደስ ይለኛል፤ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። የአዲስ አበባውን ትኬት ከባለቤትሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትቁረጪ። ማን ያውቃል፣ አብሬሽ ልሂድ ይል ይሆናል።