ሳተርን ባራኒ ላይ ነው ተብዬ ትዳሬን ላዘግይ?

ጥያቄ፦ ዱባይ የምሠራ፣ በኅዳር 1992 ዓ.ም. የተወለድሁ እኅታችሁ ነኝ። አንዲት ሕንዳዊት የሥራ ባልደረባዬ የልደት ቀኔንና ሰዓቴን ጠይቃ፣ «ስትወለጂ ሳተርን ባራኒ በተባለው የጨረቃ ማረፊያ ላይ ስለነበረ ትዳርሽ ይዘገያል» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሳተርን የሰሊጥ ዘይት መብራት እንዳበራና የሰማያዊ ሰንፔር ቀለበት እንዳደርግም መከረችኝ። በዚህ ምክንያት ሽማግሌ ልላክ ያለኝን ሰው አቆይቼዋለሁ። ሃይማኖታችን ይህን ይፈቅዳል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ አይፈቅድም። የሕንድ ኮከብ ቆጣሪዎች ጨረቃ በ27 ቀን ከጥቂት ሰዓት የምትዞረውን የሰማይ መንገድ ለ27 ማረፊያ ይከፍሉታል፤ ለእያንዳንዱም 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ይደርሰዋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ልኬት ነው፤ የእኛም ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዘመን አቆጣጠር ትምህርት፣ ፀሐይንና ጨረቃን ቆጥረው፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን የስሌት ቁጥሮች አውጥተው አጽዋማትንና በዓላትን ይወስናሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው ለማረፊያው አምላክና ገዢ ሲሾምለት ነው። ባራኒ በእነርሱ ዘንድ የሞት አምላክ የሚሉት የያማ ማረፊያ ሲሆን፣ ገዢው የፍቅርና የትዳር ኮከብ የምትባለው ቬኑስ ናት። ሳተርን ደግሞ የመዘግየትና የመከራ ኮከብ ነው ስለሚባል፣ ይልቁንም ባራኒ ባለበት፣ ከ12ቱ የኮከብ ምድቦች አንዱ በሆነው በሐመል ውስጥ ይደክማል ተብሎ ስለሚታመን፣ በቬኑስ ማረፊያ ሲገኝ ትዳርን ያዘገያል ብለው ይፈርዳሉ። እንግዲህ ፍርዱ የመጣው ከአማልክቱ ታሪክ እንጂ ከልኬቱ አይደለም።

ፍርዱ በራሱ ሚዛን ቢመዘንም አይጸናም። ሳተርን ሰማይን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት በአንድ ማረፊያ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ አብረውሽ ፊደል ከቆጠሩት እኩዮችሽ የብዙዎቹ ሳተርን ያው ባራኒ ላይ ነው። ከእነርሱ መካከል አግብተው የወለዱትን አንቺው ታውቂያቸዋለሽ። ቆጣሪዎቹ ሌሎቹን ኮከቦች ደርበን እናያለን ይሉ ይሆናል፤ ለአንቺ የተነገረሽ ግን በሳተርን ብቻ ነው። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲያስተምር፣ ሁሉ በኮከብ የተወሰነ ከሆነ ሕግም የገበሬ ድካምም ከንቱ ይሆናል ብሎ ተከራክሯል።

ከሁሉ የሚከብደው መፍትሔ የተባለው ነው። ለሳተርን መብራት ማብራት አምልኮ ነው፤ ያውም ለእግዚአብሔር በተለየችው በቀዳሚት ሰንበት! ኦሪት ዘዳግም 4፥19 ለሰማይ ሠራዊት መስገድን ይከለክላል፤ መጽሐፈ ሄኖክም በምዕራፍ 8 የኮከብ ጥንቆላን ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት መሆናቸውን ይነግረናል። ይህን ስል ነቀፋው ለሕንዶች ብቻ አይደለም። በአገራችን የሰውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ ለ12 ገድፎ፣ በቀረው ቁጥር «ኮከብህ ይህ ነው፣ ከእገሌ ኮከብ ጋር አትስማማም» የሚል ሰው አልጠፋም፤ ካህን መስሎ ሲቀርብ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ባልደረባሽ በቅንነት እንደመከረችሽ አልጠራጠርም፤ በትሕትና «በእምነቴ አልችልም» ብትያት ይበቃል። መብራቱን አብርተሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ቀለበቱንም ገዝተሽው ከሆነ አውልቂው። ሰውየውን በጠባዩ፣ በሃይማኖቱና በኑሮው መርምሪ፤ ከወደድሽው ሽማግሌው ይምጣ። ሠርጉን ግን በዐቢይ ጾም ውስጥ ማድረግ ስለማይቻል፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የዘንድሮው ጾም መቼ እንደሚገባ ከአጥቢያሽ ካህን ጠይቂ።