ኪሎ ከቀነሱ በኋላ ሶምሶማ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ በ8 ወር ውስጥ ከ96 ወደ 79 ኪሎ ወርጃለሁ። በየቀኑ 1 ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። ሶምሶማ በስንት ደቂቃ ልጀምር?

መልስ፦ በ1 ደቂቃ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 8 ጊዜ ይድገሙት። በመጨረሻ 5 ደቂቃ ዝግ ብለው ተራምደው ያብቁ፤ ጠቅላላው 34 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት 3 ቀን ይበቃል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ቢያደርጉት በየመሀሉ እረፍት አለ። 2 ሳምንት ያለ ሕመም ካለፈ 2 ደቂቃ ሮጠው 2 ደቂቃ ይራመዱ፣ 6 ጊዜ። ቀጥሎ 3 በ2፣ ከዚያ 5 በ2። ሳያቋርጡ 20 ደቂቃ ለመሮጥ 10 ሳምንት ቢፈጅ ዘገየሁ አይበሉ።

ጥያቄ (እኚሁ)፦ 1 ደቂቃማ ምን አላት? ከዚያ በላይ እችላለሁ እኮ።

መልስ፦ መቻሉንማ ይችላሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሲሮጡ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው፤ በ79 ኪሎ ሲሰላ ከ158 እስከ 237 ኪሎ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኪሎ ሲቀነስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በሳምንት 2 ቀን ደረጃ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ማድረግ (15 ጊዜ፣ 2 ዙር)፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ (10 ጊዜ፣ 2 ዙር) ይጨምሩ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር)፦ ከቤት ስወጣ ዳገት ነው። ገና ሳልጀምር ትንፋሼ ይቆራረጣል።

መልስ፦ ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ዳገቱን ተራምደው ይውጡት፤ ሶምሶማውን ለሜዳ ያቆዩት። ልኩን የሚነግርዎት ወሬ ነው፦ እየሮጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ፍጥነቱ በዝቷል። ሰዓት ቢገዙም ከዚህ የተሻለ አይነግርዎትም። በቀላል እርምጃም የሚያደክምዎት፣ የሚያዞርዎት ከሆነ ግን የደም ማነስ ይመርመሩ፤ በተለይ ምግብ በጣም ቀንሰው ከሆነ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጓደኛዬ ከሐረጎ (ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ካለው ዳገት) ቁልቁል መሮጥ ለጀማሪ ይቀላል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለትንፋሽ ይቀላል፣ ለጉልበት ግን የከፋው እሱ ነው። ቁልቁል ሲሮጡ የታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ጫናው ሲደጋገም የጉልበት ሎሚ ዙሪያውን ያማል። መንገዱም ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ቢያንስ ለ3 ወር ቁልቁለትን ይራመዱት። ኮምቦልቻ ሜዳ አላችሁ፤ የእናንተ ጣጣ ሙቀቱ ነው፦ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ይውጡ። አስፋልት ዳር ከሆነ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታይዎት በግራ በኩል ይሩጡ።

ጥያቄ፦ ቅልጥሜን ያመኛል። ልቀጥል ወይስ ልተው?

መልስ፦ በጣትዎ ይጫኑት። ሕመሙ በቅልጥም ውስጠኛ ጎን ረዘም ብሎ የተዘረጋ ከሆነና ሲሞቁ ቀለል የሚል ከሆነ ሩጫውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ሜዳ ይምረጡ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ሌሊትም የሚያምና ሲሮጡ የሚብስ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ያቁሙና ሐኪም ያሳዩ። ታሽቶ የሚድን ነገር አይደለም፤ ወጌሻ ጋ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ የሰልባጅ ጫማ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ መርምሮ መግዛት ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፦ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ይተዉት። ሶሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከደረቀ ስፖንጁ ሞቷል። ጫፉ ላይ ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ይትረፍ፤ ካልሲ አድርገው ከሰዓት በኋላ ይለኩ፣ እግር ያን ጊዜ ያብጣል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ኪሎዬ ከቀነሰ ወዲህ ስነሳ ያዞረኛል።

መልስ፦ ከሩጫው በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ። በድሮው ኪሎ የታዘዘ መጠን አሁን ሊበዛብዎት ይችላል፤ በራስዎ ግን አይቀንሱት፣ አያቋርጡት። የሚወስዱት ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የተባለው የስኳር ክኒን ከሆነ ስኳር በሩጫ መሀል ሊወርድ ይችላል። ኪስዎ ውስጥ ስኳር ይያዙ፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ያቁሙና 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይውሰዱ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለ ይድገሙት። ደረት ከጨመቀዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን የዕለቱ ሩጫ ቀርቶ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ በረመዳንስ?

መልስ፦ ከማፍጠሪያ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቀላል እርምጃ፤ ሶምሶማ ካስፈለገ ካፈጠሩ ከ2 ሰዓት በኋላ። በወሩ ውስጥ መጨመር የለም፣ የደረሱበትን መያዝ ነው። የክርስቲያን ጿሚም ያው ነው፤ ሲገደፍ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ይብዛ፣ ጡንቻ ከዚያ ነው የሚጠገነው።

ጥያቄ (እህታችን ከፒያሳ)፦ የላላው ቆዳ ይፋፋቃል፣ ያቆስለኛል።

መልስ፦ ከመውጣትዎ በፊት ታፋና ሆድ ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀቡ። ከረጅም ቀሚስ ሥር ጥብቅ ያለ ሱሪ ያድርጉ፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራልና ሌላ ጨርቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሶምሶማ ከጀመርኩ 10 ቀኔ ነው፣ ሚዛኑ በ1 ኪሎ ጨመረ!

መልስ፦ ውሃ ነው። አዲስ ሥራ የገጠመው ጡንቻ ሲጠገን ውሃ ይይዛል፤ በጥቂት ሳምንት ይመለሳል። ምግብ እንዳይቀንሱ፤ እስከዚያ ወገብዎን በሜትር ይለኩ።