ከድንጋዩ በፊት ሰዎቹን ፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

አውሮፓ አርክቴክቸር ከምትማሩት አንዷ ሰሞኑን «ናዚዎች ላሳደዷቸው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ትራንስጀንደር ሰዎች መታሰቢያ ብነድፍ ከምን ልጀምር?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ቁጭቱ የሙያችን ሁሉ ነው፤ እኛ ስንዘገይ ምስክሮቹ አለቁ።

በርሊን ቲርጋርተን ፓርክ ለተሳደዱት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የቆመውን ሐውልት እንመልከት። የጀርመን ፓርላማ እንዲሠራ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን የተመረቀው ሜይ 2008 ነው። በዚያን ጊዜ ናዚዎች በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነት ያሰሯቸውን የሚለዩበትን ምልክት፣ ሮዝ ሦስት ማዕዘን፣ ለብሶ ከማጎሪያ ካምፕ የተረፈ ሰው በሕይወት የለም ተብሎ ይታመን ነበር። ሩዶልፍ ብራዝዳ ግን ፈረንሳይ፣ ሙሉዝ አካባቢ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ዜናውን በቴሌቪዥን ሰሙ። በቀጣዩ ወር በርሊን መጥተው ሐውልቱን ሲያዩ 95 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

እኚህ ሰው በ1942 ጀርመን ውስጥ ወዳለው የቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ሲገቡ ልብሳቸው ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘንና 7952 የሚል ቁጥር ተደረገባቸው። መጀመሪያ የተላኩት ድንጋይ ካባው ነው፤ ብዙዎች የሞቱበት ሥራ። ሙያቸው ጣሪያ መሥራት ስለነበር በኋላ ወደ ጣሪያ ሠሪዎቹ ተዛወሩ፤ በዚህም ተረፉ። በ1945 ጠባቂዎቹ እስረኛውን ከካምፑ በእግር እየነዱ ማውጣት ሲጀምሩ አንድ ካፖ (ሌሎቹን እንዲቆጣጠር የተሾመ እስረኛ) ደበቃቸው፤ ካምፑ ነፃ እስኪወጣ ተደብቀው ቆዩ። ከዚያ ፈረንሳይ ገብተው ጣሪያ እየሠሩ ኖሩ። በ2011 አረፉ። ከሐውልቱ ሠሪዎች ወገን እሳቸውን ያገኘ አልነበረም፤ በራሳቸው እግር መጡ እንጂ። ካባ ውስጥ ድንጋይ የፈለጠን ሰው ሳንጠይቅ ኮንክሪት አፈሰስን። ይህ ያንገበግበኛል።

ዛሬ እናንተ ከሁሉ በፊት ኮምፒውተር ላይ ምስሉን ታሳምራላችሁ፤ ደስ አይለኝም። ቀድማችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፤ ጀርመን፣ ባድ አሮልሰን ከተማ የካምፕ እስረኞች ሰነድ አለ፣ የየከተማው የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብም አለ። ትራንስጀንደር ሴቶች ብዙ ጊዜ የተመዘገቡት በወንድ ስማቸውና በወንዶች መካከል የሚደረግን ግንኙነት በሚቀጣው የጀርመን ሕግ፣ በአንቀጽ 175፣ ስለሆነ የክሱን ዓይነት ብቻ ያየ ሰው ያልፋቸዋል። ሀምቡርግ ትኖር የነበረችውና በ1943 ኦስትሪያ ባለው የማውትሃውዘን ካምፕ የተገደለችው ሊዲ ባክሮፍ የተከሰሰችው በሌላ ስም ነው፤ ማንነቷ የሚታወቀው እስር ቤት ሆና ከጻፈችው ነው። ስለዚህ ከፍርዱ ጋር ደብዳቤውንና የእስር ቤት ጽሑፉን አንብቡ።

ወደ ግንባታው ልምጣ። የበርሊኑ ቁመቱ 3.60 ሜትር የሆነ የኮንክሪት ብሎክ ነው፤ በትንሽ መስኮቱ ፊልም ይታያል። በተመረቀበት ዓመት መስኮቱን ከአንድ ጊዜ በላይ ሰብረውታል። መስተዋት የምታስገቡ ከሆነ ፍሬሙ በብሎን የሚፈታ ይሁን፤ በልኩ የተቆረጠ መለዋወጫ መጋዘን ይቀመጥ፤ የመተኪያው ገንዘብ ከግንባታው በጀት ተለይቶ ይያዝ። ያለዚያ የተሰበረው መስኮት ወራት በጣውላ ተሸፍኖ ይከርማል፣ ሰባሪውም ያሰበው ይሳካለታል።

አምስተርዳም ኬይዘርስግራክት ቦይ ዳር በ1987 የተሠራው መታሰቢያ ሦስት የሮዝ ግራናይት ሦስት ማዕዘኖች አሉት፤ የእያንዳንዱ ጎን 10 ሜትር ነው፤ ሦስቱ በአንድነት ጎኑ 36 ሜትር የሆነ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ይፈጥራሉ። አንዱ በደረጃ ወርዶ ውሃው ላይ ይደርሳል፤ ሰው አበባ የሚያኖረው እዚያ ነው። የአበባ ጉንጉን ማኖሪያ ሳይታሰብበት የሚቀር ነገር ነው፤ ቦታ ካልተዋችሁለት ጽሑፉ ላይ ይቆለላል። ውሃ ዳር ደግሞ ድንጋዩን አታስወልውሉ፤ አረንጓዴ ሲይዝ ያንሸራትታል፤ ሸካራ ይሁን።

ጥገና የማይፈልግ ሐውልት ይሻላል ባይ ነኝ። ሆኖም ጀርመናዊው አርቲስት ጉንተር ዴምኒግ ለናዚ ሰለባዎች መታሰቢያ የሚተክላቸው የነሐስ ሽፋን ያላቸው ትንንሽ ድንጋዮች ይህን አባባሌን ያፈርሱብኛል። ጎናቸው 10 ሴንቲሜትር ነው፤ ሟቹ ወዶ በኖረበት የመጨረሻ ቤት ፊት ለፊት፣ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ በማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይተከላሉ። ነሐሱ ይጠቁራል፤ የሰፈሩ ሰው ተንበርክኮ ሲወለውለው ስሙን ያነባል። ይህን ያህል ጥገናስ ይኑር።

ስለ ጽሑፉ፦ የበርሊኑ የመጀመሪያ ፊልም የሚሳሳሙ ሁለት ወንዶችን ብቻ ያሳይ ስለነበር ሴቶች ተቃወሙ፤ ፊልሙ በየጊዜው እንዲቀየር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ድንጋይ ግን አይቀየርም። ከመቀረጹ በፊት ረቂቁን ጽሑፉ ለሚመለከታቸው ሁሉ አስነብቡ፤ ትራንስጀንደር ሰዎች በስም ይጠቀሱ። ዘመኑንም «1933–1945» ብላችሁ አትዝጉት። ናዚዎች በ1935 ያጠበቁት አንቀጽ 175 በምዕራብ ጀርመን እስከ 1969 እንዳለ ሠርቷል፤ ጨርሶ የተሰረዘው በ1994 ነው። የናዚ ዘመን ፍርዶች የተሻሩት በ2002፣ ከጦርነቱ በኋላ የተፈረዱት ደግሞ በ2017 ነው። ከካምፕ ወጥቶ በዚያው ሕግ እንደገና የታሰረ አለ፤ ቀኑን 1945 ላይ ከዘጋችሁት እሱን ታስቀሩታላችሁ። ከጽሑፉ በታች ቢያንስ የድንጋዩን ገጽ አንድ ሦስተኛ ባዶ ተዉት፤ ከመዝገብ ቤት ገና የሚወጣ ስም ይኖራል።