የነሐሴ ንባብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ነሐሴን ለንባብ ሰጥቼ አራት መጻሕፍት ልጨርስ አስቤያለሁ። አምና ሁለተኛው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በቀን ስንት ገጽ ላንብብ? (ከደብረ ብርሃን)

መጀመሪያ ፍጥነትዎን ይለኩ። የሚያነቡትን መጽሐፍ ይዘው 20 ደቂቃ በስልክዎ ይቁጠሩና ስንት ገጽ እንደሄዱ ይመዝግቡ። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት አድርገው አማካዩን ይያዙ፤ አንድ ቀን ብቻ ከለኩ ሰው እየተለካ መሆኑን ሲያውቅ ስለሚጣደፍ ቁጥሩ ይዋሻል። በ20 ደቂቃ 12 ገጽ ካነበቡ በሰዓት 36 ገጽ መሆኑ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ካለዎት በ25 ቀን 900 ገጽ ያነባሉ።

ወሩ 30 ቀን ሆኖ ሳለ 25 ያልነው፣ አምስቱ በመብራት መጥፋት፣ በእንግዳና በቡሄ ስለሚሄዱ ነው። የተረፈ ካለ ጳጉሜን አለልዎት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ወር ለውዝፍ ገጽ የተሠራች ትመስላለች፤ አስቀድመው ግን በዕቅድ ውስጥ አያስገቧት።

እንግዲህ 900 ገጽ ማለት ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ሦስት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ብቻውን ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ፣ እሱ ከዝርዝርዎ ውስጥ ካለ አራት መጽሐፍ የሚባለውን ይተዉት። ሁለት ይበቃል፤ ቢበዛ ቀጭን ሦስተኛ ይጨምሩ። ወፍራሙን ነሐሴ 1 ላይ አይጀምሩ። ልማዱ ገና ሳይያዝ ትልቁ መጽሐፍ ሰውን ያሸንፈዋል፣ ብዙ ሰው የሚቀረውም እዚያ ላይ ነው። በቀጭኑ ጀምረው ወደ ወፍራሙ በሁለተኛው ሳምንት ይግቡ። በግማሽ ወረቀት ላይ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና እየጻፉ እንደ ዕልባት ይጠቀሙበት፤ ሦስት ቀን ቢያቋርጡ እንኳ ወደ ኋላ ከመገልበጥ ይድናሉ። ግጥም ግን በገጽ አይቆጠርም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ ያውም ድምፅ አውጥተው ያንብቡት።

ጣሪያው አፍስሶ መጽሐፌ በሰበሰ። ፀሐይ ስትወጣ ላሰጣው? (ከባሕር ዳር)

አያስጡት፤ ምድጃ አጠገብም አያቅርቡት። ከላይ ያለው ቶሎ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ስለሚቀር ወረቀቱ ይጣመማል፣ የጀርባው ሙጫም ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ ጊዜ ነው የሚያሳስበው፤ ርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ገደማ መሻገት ይጀምራል።

ውኃው የሚንጠባጠብ ከሆነ ዘግተው ያቁሙትና ይንጠፍጠፍ። ከዚያ በየ10 ገጹ መካከል ነጭ ሶፍት ያስገቡ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ገጹ ላይ ይታተማል። ሶፍቱን መጀመሪያ ላይ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይቀይሩ፤ ጀርባው እስኪወጠር ድረስ ግን አይጠቅጥቁት። የተጣበቀ ገጽ በኃይል ሲላቀቅ ፊደሉን ይዞ ይነሳል። የሚያብረቀርቅ ባለ ሥዕል ወረቀት ከሆነ ደግሞ ከደረቀ በኋላ የሚላቀቅ ስላልሆነ ርጥብ ሳለ ቀስ ብለው ይለዩት። ወረቀቱ ደርቆ ሲነኩት ትንሽ ብቻ ሲቀዘቅዝ፣ በሁለት ጣውላ መካከል አድርገው ክብደት ጭነውበት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቆዩት።

የረጠቡት መጻሕፍት ብዙ ሆነው ጊዜ ካጡ፣ እያንዳንዱን በፌስታል ጠቅልለው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። ብርዱ ሻጋታውን ይገታዋል፣ በተራ እያወጡ ያደርቃሉ። የሻገተውን ከደረቀ በኋላ ማስክ አድርገው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በርጥብ ጨርቅ ማበስ ሻጋታውን ወደ ወረቀቱ ማስገባት ነው። መደርደሪያውን ደግሞ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁት።

ከአዟሪ አሮጌ መጽሐፍ ስገዛ ምን ልይ? (ከአዲስ አበባ)

ከሽፋኑ በፊት የገጽ ቁጥሩን። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ጥራዝ ስለሚሰበሰብ፣ ሲጎድል ወይም ሲደገም ከነጥራዙ ነው። 16፣ 32፣ 48 እያሉ በየመጋጠሚያው ቁጥሩ ተከታትሎ መሄዱን ይመልከቱ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፊደሉ የደበዘዘ፣ ጠርዙ ጠማማ፣ የሽፋን ሥዕሉ የፈዘዘ ከሆነ ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ካሸተቱት በኋላ አፍንጫዎን ከያዘዎት ይተዉት፤ አንድ የሻገተ መጽሐፍ ጎረቤቶቹንም ያበላሻል።

በዚህ ወር 120 የአማርኛ መጻሕፍቴን በኮምፒውተር ልመዘግብ ነው። ስፈልግ ግን የማውቀውን መጽሐፍ እንኳ አጣዋለሁ። (ከሜሪላንድ)

ጥፋቱ የፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በ«ሕ» ቢፈልጉ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በ«ፀ» ቢጽፉ ባዶ ነው የሚያገኙት። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። በአንዱ ስሙን መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይጻፉ። በሌላው ለፍለጋ ብቻ፣ ሁሉንም ሐ እና ኀ በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ቤት ተክተው፣ ክፍት ቦታውንም አጥፍተው ይጻፉ፤ «ወልደሥላሴ» እና «ወልደ ሥላሴ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸውና።

ሲደረድሩ በደራሲው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ አይሁን፤ የውጭ ሶፍትዌሮች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ ሐዲስን ዓለማየሁ ሥር ያስቀምጡብዎታል። ብላቴን ጌታ፣ ደጃዝማች፣ ዶክተር የሚሉት ማዕረጎች ለብቻቸው ይግቡ። የታተመበትን ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር ይያዙ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የወጣው ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ላይ 8 ይደምሩ። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር፣ ለምሳሌ 1958 ዓ.ም.ን «1965/66» ብለው ይመዝግቡ።