እጅ አልጨበጥ ሲል፦ ከባሕር ዳር የተመለሱ ጥያቄዎች

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ከያዘኝ 11 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ታማሚ ነኝ። መድኃኒቴን እየዋጥኩ እሠራለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ብስክሌት እነዳለሁ። ከየቦታው ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ልመልስ።

ጥ፦ እናቴን ጎረቤቱ ሁሉ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተይ» ይላታል። ያንቺም እሱ ነው? (ከቡሬ)

መ፦ አይደለም ወንድሜ። እኛ ለቆረጠመን ነገር ሁሉ ሪህ እንላለን። ሥጋ ቀንሱ የሚባለው ዩሪክ አሲድ የሚሉት የሰውነት ቆሻሻ በደም ውስጥ ሲበዛ ለሚመጣው ሪህ ነው። እሱ ብዙ ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በድንገት ይይዛል። የእኔ ግን ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እጅ ይይዛል። አንጓዎቹ ያብጣሉ፣ ጠዋት እጅ አልታዘዝም ይላል። ያ መድረቅ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ እናትህን ቶሎ አስመርምራት። የደም ምርመራው «ነጋቲቭ» ቢልም ነፃ ናት ማለት አይደለም። በሽታው እያለባቸው ምርመራው የማያሳያቸው ሰዎች አሉ።

ጥ፦ የደብረ ማርቆስ ብርድ ነው ያመጣብኝ?

መ፦ ብርድ ሕመሙን ያባብሰው ይሆናል እንጂ በሽታውን አያመጣውም። ጋቢሽን ልበሺ፣ ጠዋት እጅሽን ለብ ባለ ውኃ ንከሪ።

ጥ፦ ሲያመኝ ልተኛ ወይስ ልንቀሳቀስ? ሁሉም «ዕረፊ» ይለኛል።

መ፦ እኔንም እንዲሁ እያሉ ሦስት ወር አስተኙኝ። ስነሳ ጉልበቴ የሰው ጉልበት ሆኖ ጠበቀኝ። መገጣጠሚያን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ ሲተኙ እሱም ይከሳል። አንጓው ሲያብጥና ሲግል ሸክም አታሸክሚው፤ ቀስ አድርገሽ እጠፊው፣ ዘርጊው፣ ይበቃዋል። እብጠቱ ሲቀል ግን ውጪና ተራመጂ። እኔ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ለ20 ደቂቃ ብስክሌት እነዳለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ጉልበቴ አያማርርም። መሪው ቀጭን ስለሆነብኝ ጨርቅ ጠምጥሜ አወፈርኩት። መለኪያዬ ቀላል ነው፦ ካቆምኩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሕመሙ ከመጀመሬ በፊት ከነበረው ከባሰ፣ አብዝቻለሁ ማለት ነው። በማግሥቱ እቀንሳለሁ እንጂ አልተውም።

ጥ፦ የቤት ሥራውንስ እንዴት ቻልሽው?

መ፦ በጣት የሚያዘውን በክንድ፣ በክንድ የሚያዘውን በጀርባ አደረግሁት። ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እሱን በአራት ጣት ማንጠልጠል ራስን መቅጣት ነው። በሁለት ባለ አምስት ሊትር ተመላለሺ። ጀበናውን በሁለት እጅ ያዢ። ቡና መውቀጥ ትቻለሁ፣ አስፈጫለሁ። አማቴ «የተወቀጠው ይጣፍጣል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ዘነዘናውን የሚያነሳው የእኔ አንጓ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ጥጥ መፍተል ነበር። እንዝርቱን ማሾር ያስለቅሰኝ ነበርና ለእህቴ ሰጠኋት። ይህን እስካሁን እቆጫለሁ።

ጥ፦ መድኃኒቱን ትቼ ጠበል ብገባስ?

መ፦ ጠበሉን ግቢ፣ መድኃኒቱን አትተዪ። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት አቋርጬ ሄጄ ሁለቱም እጆቼ አብጠው ተመለስኩ። ጥፋቱ የጠበሉ ሳይሆን የእኔ ነው። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ስትወስጂ ቆይተሽ በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው። የሚቀነሰው ሐኪሙ እንዳዘዘ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ጥ፦ ለዚሁ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ። ምን ልጠንቀቅ? (ከዳንግላ)

መ፦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! ዋናው ይሄ ነው። ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። የእኔ ቀን ረቡዕ ነው፤ ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ አክብቤዋለሁ። ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን አብሮ ይታዘዛል። ደምና ጉበት በቀጠሮው ይታያል። አረቄውን ተወው ወንድሜ፤ ጉበትህ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ሚስቴም ትወስዳለች የምትል ከሆነ ደግሞ፣ ልጅ ካሰባችሁ ከማርገዟ ከወራት በፊት ለሐኪሟ ትንገር። ፅንስ ይጎዳል።

ጥ፦ ዐቢይ ጾም ላይ ስግደቱ አቃተኝ፤ ኅሊናዬ ወቀሰኝ።

መ፦ እማማ፣ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። እኔ ስነግራቸው «ልጄ፣ በመቋሚያ ተደገፊና አንገትሽን ዝቅ አድርጊ» አሉኝ። መድኃኒትዎ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነም የጾሙን ሰዓት ከእሳቸውና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል።

ጥ፦ እስክስታስ? ቀረ?

መ፦ ኧረ በጭራሽ! በሽታው ትከሻዬን እስካሁን አልነካውም። ሰርግ ካላችሁ ጥሩኝ። ሰላም ስትሉኝ ብቻ እጄን ጨብጣችሁ አታወዛውዙብኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ይበቃናል።