ለእኛ ያልነገረንን ለማሽኑ ነገረው

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድርሰቱም ሆነ የሒሳብ የቤት ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ክፍል ውስጥ ሲፈተን ግን ውጤቱ እያሽቆለቆለ ነው። አንድ ቀን ስልኩን በድብቅ ከፍቼ ሳይ ሁሉንም የሚሠራለት ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ ለሚጻፍለት ሁሉ መልስ የሚሰጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም መሆኑን ደረስኩበት። የባሰው ደግሞ ጓደኞቹ እንዳገለሉትና ትምህርት ቤት መሄድ እንዳስጠላው ሌሊት ሌሊት ለእሱው ሲጽፍለት መክረሙ ነው። ለእኛ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ለባለቤቴ የነገርኩት የቤት ሥራውን ነገር ብቻ ነው። ተቆጥቶ ስልኩን ሲነጥቀው ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «አባዬ ራሱ የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት በእሱ አይደል የሚያጽፈው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፎናል። ጨርሶ ልከልክለው ወይስ ዘመኑ ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጻፉልኝ ሁለት ጉዳይ ነው፤ ባለቤትዎ የሚያውቁት ግን አንዱን ብቻ ነው። እሳቸው ከማያውቁት ልጀምር። የቤት ሥራው ዕዳው ገብስ ነው። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ሲያገልሉት ለአንድ ሰው እንኳ ሳይተነፍስ መክረሙ ግን ቀላል አይደለም።

ለምን ማሽኑን መረጠ? ማሽኑ አይቆጣም፣ አይደነግጥም፣ እኩለ ሌሊት ላይም «ነገ እናወራለን» አይልም። በዚህ የተረታው የእርስዎ ልጅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባሉ፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩ ሰው «ኤላይዛ» የምትባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ለሕዝብ አስተዋወቁ። ፕሮግራሟ የሰዎችን ንግግር ገልብጣ በጥያቄ መልክ ከመመለስ ያለፈ ችሎታ አልነበራትም። ሆኖም ሥራውን ለወራት ሲሠሩ ያየቻቸው የራሳቸው ጸሐፊ ከኤላይዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች «እባክዎን ከክፍሉ ይውጡልኝ» አለቻቸው። ያቺ አዋቂ ሴት ገመናዋን ልታዋያት ከፈለገች፣ የዛሬው ማሽን ደግሞ ከኤላይዛ እጅግ የረቀቀ ከሆነ፣ በልጅዎ መፍረድ ይከብደኛል።

ችግሩ ማሽኑ ልጁን መስማቱ ሳይሆን እሺታ ማብዛቱ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ማሻሻያውን ተጠቃሚዎችን ከልክ በላይ ያሞካሻል በሚል ለቅቆት ብዙም ሳይቆይ ለማንሳት ተገድዷል። ከጓደኞቹ የተጣላ ልጅ የሚተርከው የራሱን ወገን ነው። እርስዎ ቢሰሙት ኖሮ «አንተስ ምን ብለሃቸው ነበር?» ይሉት ነበር። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ «መከፋትህ ተገቢ ነው» ይለዋል፤ በማግስቱ እነዚያኑ ልጆች ፊት ለፊት እንዲያናግር ግን ላያደፋፍረው ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የእርስዎ ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። ስልኩን እንደከፈቱ ይንገሩት። «ሳላስፈቅድህ ስልክህን አይቻለሁ፤ ማድረግ አልነበረብኝም። ስለ ጓደኞችህ የጻፍከውን አንብቤ አዘንኩ። ለአባትህ አልነገርኩም» ብለው ዝም ይበሉ። «ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» የሚለው ጥያቄ ምላስዎ ላይ ይመጣል፤ ይዋጡት። ከወጣ ልጁ ሐዘኑን ትቶ ራሱን ወደ መከላከል ይገባል። በዚያ ቀን ምንም ላይመልስልዎ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ዕቃ ስታጥቡ ወይም መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስትሄዱ፣ ዓይን ለዓይን በማትተያዩበት ሰዓት ሊጀምረው ይችላል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከመመርመር ይልቅ እንዲህ ያለው ይቀላቸዋል።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። በቱርክ ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ልምምዳቸውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳሻቸው እየታገዙ የሠሩት በልምምዱ ካልታገዙት በ48 በመቶ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተኑ ግን መጀመሪያውኑ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ ያነሰ አመጡ። መልሱን ከመስጠት ይልቅ ፍንጭ እንዲሰጥ የተዘጋጀላቸው ተማሪዎች ላይ ጉዳቱ በአመዛኙ አልታየም። የልጅዎ ታሪክ ቁርጥ ይኸው ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ውስጥ አለ። መጀመሪያ በራሱ ይሞክር፤ ሲያቅተው «መልሱን ሳትነግረኝ የተሳሳትኩበትን ጠቁመኝ» ብሎ ይጠይቅ፤ በመጨረሻም ስልኩን ዘግቶ ለአንዳችሁ ያስረዳ። ማስረዳት ካልቻለ አልሠራውም ማለት ነው።

ልጁ ስለ አባቱ ያነሳው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፤ በቁጣ መታለፍ አልነበረበትም። ጥሩ መልስም አለው። አባቱ ሪፖርት መጻፍ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ማሽኑ ሲሳሳት ያውቃሉ፣ ፊርማቸውንም ያኖሩበታል። ልጁ ገና ያን ዕውቀት እየሰበሰበ ነው። ይህን በስብከት ሳይሆን አብረውት ተቀምጠው ያሳዩት። ባለቤትዎ አንድ ሪፖርት ከፍተው የትኛውን ዐረፍተ ነገር ለምን እንደሰረዙ ይንገሩት። ከዚያ ልጁ ራሱ አሳምሮ የሚያውቀውን ነገር ማሽኑን ይጠይቀው፤ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠውም «ተሳስተሃል» ይበለው። አንዳንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ ትክክለኛውን መልስ በስህተት ሲለውጥ ይመለከታል። አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ ሌሊት «ልክ ነህ» የሚለውንም ቃል በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

መከልከልን በተመለከተ፣ የቻትጂፒቲ ደንብ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቅድም፤ ከ18 በታች ላሉ ደግሞ የወላጅን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጣልቃ መግባት መብትዎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የወላጅንና የልጅን አካውንት አገናኝቶ አገልግሎቱ የሚዘጋበትን ሰዓት መወሰን ይቻላል። የከባድ አደጋ ምልክት ሲታይ ለወላጅ ሊያሳውቅ ይችላል እንጂ የልጁን ጽሑፍ እንዳለ አያሳይም፤ እኔ በበኩሌ ይህን እወደዋለሁ። ስልኩን ይመልሱለት፤ ማታ ግን የሁላችሁም ስልክ፣ የአባትየውም ጭምር፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ሙሉ ስሙን፣ ፎቶውንና የትምህርት ቤቱን ስም እንዳይጽፍበትም ይንገሩት።

ባለቤትዎ የጓደኞቹን ጉዳይ ማወቃቸው አይቀርም፤ የሚነግራቸው ግን ልጁ ራሱ ወይም በእሱ ፈቃድ እርስዎ ይሁኑ። ከመምህሩ ጋር ስትነጋገሩም እንዲሁ፤ መጀመሪያ እሱ ይወቅ። ይህ ሁሉ ትዕግሥት የማይሠራበት ሁኔታ አለ። መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ ወይም ከጻፈ፣ ራሱን የመጉዳት ምልክት ካዩበት፣ ለቀናት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ፈቃዱን አይጠብቁ፤ ለአባቱ ነግረው በዚያው ዕለት ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።