ተርቧ ትሉን በምን ታገኘዋለች?

ጥያቄ፦ በበቆሎ ማሳዬ ከጉንዳን የምታንስ ጥቁር ተርብ ስትመላለስ አይቼ የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ ብጠይቃቸው፣ እንቁላሏን በተምች ትል ሰውነት ውስጥ የምትጥል ጥገኛ ተርብ ልትሆን እንደምትችል ነገሩኝ። ትሉ ቅጠል መሃል ተወሽቆ ሳለ በዚያ ሁሉ ማሳ ውስጥ በምን ታገኘዋለች? ሽታውን ተከትላ ነው?
አንባቢ፣ ከቡሬ

መልስ፦ አዎ፣ ሽታ ተከትላ ነው፤ ሽታው ግን በአመዛኙ የትሉ ሳይሆን የተበላው በቆሎ ነው። ትሉ ትንሽ ከመሆኑም በላይ እምብዛም አይሸትም፤ ተክሉ ግን ከሩቅ ይሸታል።

ቅጠል ሲቀደድ ወዲያው የሚወጣው፣ ሣር ሲታጨድ የምናውቀው ሽታ ብቻውን ብዙ አይነግራትም፤ ከብት ቢረግጠውም ያው ነውና። ቁም ነገሩ ከሰዓታት በኋላ የሚከተለው ሽታ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ተርሊንግስ፣ ተምሊንሰንና ሉዊስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የበቆሎ ቡቃያ በምላጭ ብቻ ሲቆረጥ ተርፒን የተባሉትን ተናኝ ውህዶች በብዛት አያወጣም፤ በቁስሉ ላይ ከትሉ አፍ የወጣ ፈሳሽ ሲቀባ ግን ያወጣል፣ ኮቴሲያ የተባለችው ተርብም ወደዚያ ትበራለች። በ1997 ከዚሁ ፈሳሽ ቮሊሲቲን የተባለው ንጥረ ነገር ተለየ። የሚገርመው፣ የቮሊሲቲን አንዱ ክፍል ትሉ ከበላው ቅጠል የተገኘ የቅባት አሲድ ነው፤ ትሉ በገዛ ጉርሻው ተጋለጠ ማለት ነው። ይህን «በቆሎው ተርቧን ጠራት» ብሎ መግለጽ የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ በበኩሌ ተርቧ ሽታውን ማንበብ ችላለች ማለቱን እመርጣለሁ፤ ከእነዚህ ተርቦች አንዳንዶቹ የትሉን እዳሪ በአንቴናቸው ከነኩ በኋላ አብሮት ያለውን ሽታ ተምረው ቀጣዩን ትል የሚፈልጉት በዚያው ነውና።

እርስዎ ያዩዋትን ሳላይ ስሟን መወሰን አልችልም፤ ሆኖም ከውጭ የመጣውን የአሜሪካ ተምች የምታጠቃ፣ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች አገር በቀል ተርብ በኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች ተገኝታለች።

ነገሩ ከትሉም ይቀድማል። መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ አንዳንድ የገበሬ በቆሎ ዝርያዎች የአገዳ ቆርቁር የእሳት እራት እንቁላል ስትጥልባቸው ብቻ፣ ትሉ ሳይፈለፈል፣ ተርቦችን የሚስብ ሽታ ያወጣሉ። አብረው የተፈተኑት የተዳቀሉ ዝርያዎች ግን ይህን አላደረጉም፤ ለምርት ብዛት ሲመረጡ ሽታው ሳይታወቅ ተጥሎ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።